ሳልቫቶር፣ ኮርቢኒያን ወይስ ሴሌብራቶር? ጥቁር ቢራ ለሚመርጥ የጎጃም ሰው

ጀርመን የሚኖር ወዳጄ ለጥምቀት ወደ ደብረ ማርቆስ ሊመጣ ሲል «ምን ላምጣልህ?» አለኝ። ቢራ አልኩት። ተራውን ቢራ ግን አይደለም። ዶፕልቦክ የሚባለውን፣ ጠንከር ያለና ብቅሉ የበዛ ጥቁር ላገር ነው የፈለግሁት። ከሦስት ጠማቂዎች ሳልቫቶር፣ ኮርቢኒያንና ሴሌብራቶር የሚባሉትን ሁለት ሁለት ጠርሙስ በልብስ ጠቅልሎ አመጣልኝ። በጥምቀት ማግስት አክስቴ ቤት ተሰብስበን ጎን ለጎን ቀመስናቸው። የአክስቴ የበዓል ጠላ ገና አላለቀም ነበርና እሱንም አብረን አሰለፍነው።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ «ምን ላምጣልህ?» ለሚባል ሰው ነው። ሦስቱም ዶፕልቦክ በሚል አንድ ስም ይጠራሉ እንጂ ጣዕማቸው አንድ አይደለም። የትኛውን እንደምታዝዙ አስቀድማችሁ ብታውቁ ይሻላል።

ላገር በጀርመንኛ ማከማቻ ማለት ነው። ቢራው በቀዝቃዛ ቦታ ይፈላል። ከዚያ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቀመጣል። እኛ የለመድነው ቢጫው ቢራም ላገር ነው። ዶፕልቦክን የሚለየው የብቅሉ ብዛት ነው። በጀርመን ደንብ፣ ከመፍላቱ በፊት ከብቅል ወደ ውሃው የገባው ነገር ቢያንስ 18 በመቶ መሆን አለበት። የተለመደው ቢራ 11 ወይም 12 አካባቢ ነው። ብቅሉ ራሱ ሲደርቅ ጠንከር ያለ ሙቀት ስለሚያገኘው የዳቦ ቅርፊት ጠረን ይይዛል። በድሮው አሠራር ደግሞ ከድፍድፉ ተቀንሶ ለብቻው እሳት ላይ ይፈላና ተመልሶ ይቀላቀላል። እንኩሮ የሠራ ሰው ይህ ለምን እንደሚደረግ ይገባዋል። እሳት ያየ እህል ጣዕሙ ሌላ ነው።

የመጠጡ ታሪክም ለእኛ ሩቅ አይደለም። የሳልቫቶር መነሻ ሙኒክ የነበሩት የፓውላነር መነኮሳት ናቸው። ቢራቸው ከ1634 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጽሑፍ ይጠቀሳል። እነዚህ መነኮሳት በስእለታቸው ዓመቱን ሙሉ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አይቀምሱም ነበር። ልክ እንደኛ ጾም ማለት ነው። በጾሙ ጊዜ ጉልበት እንዲሆናቸው ወፍራም ቢራ ይጠምቁ ነበር፤ «ፈሳሽ ዳቦ» የሚባለውም ለዚህ ነው። ሌሎች ጠማቂዎች በኋላ የራሳቸውን ሲያወጡ ስሙን በ«አቶር» መጨረስ ልማድ ሆነ። ሴሌብራቶር የሚለው ስም ከዚያ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ጠርሙሶቹ።

መጀመሪያ ቀለማቸውን በበሩ ብርሃን አየን። ሳልቫቶር ቀይ ዳማ ነው፤ መዳብ ይመስላል። ኮርቢኒያን ጠይም ነው፤ ብርሃን ሲያልፍበት ውስጡ ይቀላል። ሴሌብራቶር ጥቁር ነው፤ ጠርዙ ላይ ብቻ ቀላ ይላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጥቁር ስለሆነ በጣም ጠንካራው እሱ ይመስለዋል። ተገላቢጦሹ ነው። የአልኮል መጠኑ ሳልቫቶር 7.9፣ ኮርቢኒያን 7.4፣ ሴሌብራቶር ደግሞ 6.7 በመቶ ነው። ጥቁሩ ጊነስ ድራፍትም እኮ 4.2 ብቻ ነው። ቀለም የሚነግራችሁ እህሉ ምን ያህል እሳት እንዳየ ነው።

ሳልቫቶርን ሲያሸቱት ትኩስ ድፎ ዳቦ ይመጣል። በተለይ ከታች በኩል በደንብ የበሰለው ቅርፊት። አፍ ውስጥ ወፍራም ነው፤ ጣፋጭነቱም ከሦስቱ ይበልጣል። አክስቴ አንድ ጊዜ ፉት ብለው «ማር ጠብ አድርገውበታል እንዴ?» አሉ። ማር የለውም። ገብስ፣ ሆፕ (የቢራ ጌሾ በሉት፣ ምሬት የሚሰጠው)፣ ውሃና እርሾ ብቻ ነው። ጣፋጩ የብቅሉ ነው። ችግሩ ግማሹን ከጠጣችሁ በኋላ ይመጣል። ጣፋጩ ይከማቻል፤ አልኮሉም ደረት ላይ ይሞቃል። ለእኔ ግማሽ ሊትሩ ለአንድ ሰው ይበዛል። ለሁለት ተካፍሎ ከዳቦ ጋር ግን ግሩም ነው።

ሴሌብራቶር አዪንግ ከምትባል ከሙኒክ ደቡብ ምሥራቅ ካለች መንደር ይመጣል። አንገቱ ላይ ትንሽ ነጭ የፕላስቲክ ፍየል ተንጠልጥላበታለች። ቦክ በጀርመንኛ ወጠጤ ፍየል ማለት ነውና። የአክስቴ የልጅ ልጅ ፍየሏን ወዲያው ወሰዳት። ቢራው ራሱ ሦስቱን ስንቀምስ ያስገረመኝ ነው። ሽታው የተቆላ ገብስ ነው፤ ከበስተኋላው ቡና የሚመስል ነገር አለ። አፍ ውስጥ ሲገባ ይጣፍጣል፤ ሲዋጥ ግን ደረቅ ብሎ ይጨርሳል። ምላስ ላይ የሚቀር ሽሮፕ የለም። አክስቴ የራሳቸውን ጠላ ቀመሱና ወደ እሱ ተመለሱ። «የዚህ አሻሮው ደህና ተቆልቷል» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ጌሾው ግን የት ሄደ?» ብለው ጠየቁኝ።

ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ጠላ ለለመደ ምላስ የሦስቱም ምሬት ያንሳል። ሆፕ በዶፕልቦክ ውስጥ ጣፋጩን ለመያዝ ያህል ብቻ ነው የሚገባው። የዳጉሳ ጠላን ኮምጠጥ ማለትና የጢሱን ጠረንም አትጠብቁ። ላገር ንጹሕ መሆን አለበት። ኮምጣጣ ከሆነ ተበላሽቷል።

ኮርቢኒያን ላይ ትንሽ ልቆይ። የሚጠመቀው ፍራይዚንግ ከተማ ቫይሄንሽቴፋን በሚባል ቦታ ነው። የጥንት ገዳም ነበር፤ ጠመቃውን ከ1040 እ.ኤ.አ. ይቆጥሩታል። ዛሬ የባቫሪያ መንግሥት ንብረት ነው። ስሙን ያገኘው ከቅዱስ ኮርቢኒያን ነው። በገድሉ እንደሚነገረው ወደ ሮም ሲሄድ ድብ ፈረሱን ገደለበት። እሱም ጭነቱን ድቡ ላይ ጫነው። አንበሳ ላይ የተቀመጡትን አቡነ ሳሙኤል ዘዋልድባን በቤተ ክርስቲያን ሥዕል እያየ ላደገ ሰው ይህ ታሪክ አዲስ አይሆንበትም። አክስቴ ቢራውን የወደዱት ከታሪኩ በፊት ነው፤ ታሪኩን ሲሰሙ ግን አማተቡ።

ጣዕሙ በሁለቱ መካከል ነው። የደረቀ በለስና ፕሪም፣ ትንሽ ቸኮሌት፣ ከዚያ ዳቦ። እንደ ሳልቫቶር ይወፍራል፤ ግን አይሰለችም። ምክንያቱ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ቀጭን የቆሎ ምሬት ይመስለኛል። እኔ ዶፕልቦክን የምመዝነው በዚህ ነው። የመጀመሪያው ጉንጭ ሁልጊዜ ደስ ይላል። አምስተኛውስ? ከዋጥኩ በኋላ አፌ ሌላ ጉንጭ ይጠይቃል ወይስ ውሃ? ኮርቢኒያን ሌላ ጉንጭ ያስጠይቃል። አክስቴ ብርጭቋቸውን ዘርግተው «ድገመኝ አንተ ልጅ» ያሉት በእሱ ላይ ብቻ ነው።

በቀመሳው ጊዜ ዝልዝል ጥብስ ነበረን። ኮርቢኒያን ከእሱ ጋር በጣም ሄደ። የበዓሉ ዶሮ ወጥ ግን ከአንዱም አልተስማማም። ጠንካራ አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያባብሳል። ለዶሮ ወጥ ጠላው ይሻላል።

ስትገዙ ቀኑን እዩ። ከዓመታት በፊት አንድ ሱቅ ፀሐይ በሚመታው መደርደሪያ ላይ የቆየ ጥቁር ቢራ ገዝቼ ነበር። ስከፍተው እርጥብ ካርቶን ሸተተኝ። ብዙ ብር ነበር የከፈልኩት፤ በጣም አዘንኩ። የካርቶን ሽታ አየርና ዕድሜ ያመጡት ነው። የተቀቀለ በቆሎ ወይም የቅቤ ሽታ ከመጣባችሁ ደግሞ ጥፋቱ የጠመቃው ነው። እንደ አረቄ ጉሮሮ የሚፋጅም ዶፕልቦክ ጥሩ አይደለም። ጥንካሬው ማሞቅ እንጂ ማቃጠል የለበትም። ቡናማ ጠርሙስ ከአረንጓዴው ይሻላል፤ ብርሃን ይከላከላል። ከአዲስ አበባ በመኪና የምታመጡ ከሆነ ዓባይ በረሃን በቀን ሙቀት ዕቃ መጫኛው ላይ አድርጋችሁ አትውረዱ። መቀመጫ ሥር በልብስ ሸፍኑት።

ከፍሪጅ አውጥታችሁ ወዲያው አትጠጡ። በ4 ዲግሪ የብቅሉ ሽታ ይተኛል። ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ጥሩ ነው። ባሕር ዳር ያላችሁ ከፍሪጅ አውጥታችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ማርቆስ ግን በጥር ሌሊት መስኮት ሥር ማሳደር ይበቃል፤ እኛ ያደረግነው እንዲሁ ነው። ብርሌ አይሆንም፤ አንገቱ ስለሚጠብ አፍንጫ አይገባበትም። የወይን ብርጭቆ እስከ ግማሽ ቅዱለት።

መጠኑንም አስቡ። ግማሽ ሊትር ሳልቫቶር ውስጥ ያለው አልኮል 5 በመቶ በሆነ ባለ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ ሲለካ ወደ ሁለት ተኩል ጠርሙስ ይጠጋል። ግማሽ ሊትር ኮርቢኒያን ከሁለት በላይ ነው። ሴሌብራቶር በ330 ሚሊ ሊትር ስለሚመጣ አንድ ከሲሶ ገደማ ነው። ማታ አንድ ጠርሙስ ከፍቶ ብቻውን ለሚቀመጥ ሰው ለዚህም ሲባል እሱን እመክራለሁ።

ጠላ ወዳድ ከሆናችሁና ጥቁር ላገር ቀምሳችሁ የማታውቁ ከሆነ በሴሌብራቶር ጀምሩ። ጣፋጭ የምትወዱ፣ ጠጅ ላይ ለዘብ ያለውን የምትመርጡ ሳልቫቶር ይሆናችኋል። እንግዳ ጠርታችሁ ሥጋ የምታቀርቡ ከሆነ ኮርቢኒያን። እኔ ለወዳጄ ለሚቀጥለው ጉዞ አራት ሴሌብራቶርና ሁለት ኮርቢኒያን ብዬ ጽፌለታለሁ። ከኮርቢኒያኑ አንዱ የአክስቴ ነው።