ዞቴሮ ለጆርናል ፔፐር፦ ጥቅሙ የሚታወቀው ሪጀክት ሲመጣ ነው

ሪፈረንስ በእጁ የሚጽፍ ሰው አሁንም ሞልቷል። ከጎግል ስኮላር ኮፒ ያደርጋል፣ ወርድ ላይ ይለጥፋል፣ ኮማውን ነጥቡን ያስተካክላል፣ እና እውነት ለመናገር ፔፐሩ መጀመሪያ የተላከበት ጆርናል ላይ ካለፈለት ምንም አይደለም፣ ያስኬዳል። ጉዱ የሚመጣው ኤዲተሩ በሁለት መስመር ኢሜይል «ከጆርናላችን ስኮፕ ውጪ ነው» ብሎ ሲመልሰው ነው። የመጀመሪያው ጆርናል የሪፈረንስ ስታይል ኤፒኤ ነበር፣ ስምና ዓመት በቅንፍ፣ መጨረሻ ላይ በፊደል ተራ። ቀጣዩ ደግሞ ቫንኩቨር ይላል፣ በቁጥር ማለት ነው፣ ጽሁፉ ውስጥ በመጡበት ቅደም ተከተል፣ ደራሲዎቹ ከ6 ካለፉ ስድስቱ ተጽፈው «ኢት አል» (እና ሌሎች)፣ የጆርናሉ ስም በአጭሩ። ኤፒኤ 7 (ሰባተኛው እትም) ግን እስከ 20 ደራሲ ድረስ ዘርዝሩ ባይ ነው። 60 ሪፈረንስ ያለው ሰው ይሄን በእጄ ልቀይር ካለ ሳምንቱ አለቀ፣ ከዛ ኢንትሮዳክሽኑ ላይ አንድ ሪፈረንስ ልጨምር ሲል ደግሞ ከሱ በታች ያለው ቁጥር በሙሉ ይዛባል።

ዞቴሮ (ሪፈረንስ የሚሰበስብና የሚያሰልፍ ሶፍትዌር ነው) ላይ ይሄ ሁሉ ጣጣ ወርድ ውስጥ ዶክዩመንት ፕሪፈረንስ ከፍቶ አዲሱን ስታይል መምረጥ ነው። በቃ። ጽሁፉ ውስጥ ያለውም መጨረሻ ላይ ያለውም ዝርዝር አብሮ ይቀየራል። እኔ ለዚህ ብቻ እንኳን ብጠቀመው አይቆጨኝም፣ ሌላው ሁሉ ምርቃት ነው።

ለማያውቁት፦ ነጻ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው፣ 2006 ላይ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተጀመረ ነገር ነው። ዊንዶውስ፣ ማክ፣ ሊኑክስ ላይ ይሰራል፣ ከወርድ፣ ከሊብረኦፊስና ከጎግል ዶክስ ጋር ይገናኛል። ብራውዘር ላይ ኮኔክተሩን (የዞቴሮን የብራውዘር ተጨማሪ) ከጫናችሁ የፔፐሩን ገጽ ከፍታችሁ አንድ ክሊክ፣ ርዕሱም ደራሲውም ፒዲኤፉም (ክፍት ከሆነ) ላይብረሪያችሁ ውስጥ ይገባል። ዲኦአይ (የፔፐሩ መለያ ቁጥር) ብቻ ካላችሁም እሱን ለጥፉለት ራሱ ፈልጎ ያመጣል። ስታይሉ ከ10,000 በላይ ነው ይባላል፣ ግን ቁጥሩ አያስደንግጣችሁ፣ አብዛኛው ያው አንድ አይነት ስታይል በተለያየ ጆርናል ስም የተመዘገበ ነው። የሚያዘጋጁት ደግሞ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ጆርናሉ መመሪያውን ቀይሮ ስታይሉ በድሮው የሚቀርበት ጊዜ አለ፣ ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት ጆርናሉ በቅርቡ ካወጣው አንድ ፔፐር ጋር ጎን ለጎን አስተያዩት።

አሁን ወደ ሚያናድደው እንምጣ። ብዙ ሰው ዞቴሮን ከጫነ በኋላ ሪፈረንሱን ማየት ያቆማል። ተሳስቷል! ዞቴሮ የሚያሰልፈው የሰጣችሁትን ነው፣ ቆሻሻ ከገባ በሚያምር ፎርማት የተሰለፈ ቆሻሻ ነው የሚወጣው። ዋናው ምሳሌ የድርጅት ስም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሪፖርት ሲገባ ስሙ የሰው ስም መስሎት ለሁለት ከተከፈለ፣ ሪፈረንስ ሊስታችሁ ላይ «ኦርጋናይዜሽን፣ ደብልዩ. ኤች.» የሚባል ደራሲ ይወለዳል። ሪቪወር ደግሞ እንዲህ አይነቱን ነገር አያልፍም። መፍትሄው ቀላል ነው፣ ከስሙ ጎን ያለችውን ምልክት ነክታችሁ ወደ አንድ ፊልድ መቀየር ነው፣ ግን የት እንዳለች ካልተነገረህ መቼም አታገኛትም።

ሌላው የርዕሱ ፊደል ነው። አንዳንዱ ዳታቤዝ ርዕሱን በሙሉ በትልልቅ ፊደል ይሰጣችኋል፣ አንዳንዱ የእያንዳንዱን ቃል መጀመሪያ ትልቅ ያደርጋል። ላይብረሪው ውስጥ መቀመጥ ያለበት በሴንተንስ ኬዝ (የመጀመሪያው ቃልና መጠሪያ ስሞች ብቻ በትልቅ ፊደል የሚጀምሩበት) ነው፣ ምክንያቱም ዞቴሮ ከሴንተንስ ወደ ታይትል ኬዝ (ዋና ዋና ቃላቱ ሁሉ በትልቅ ፊደል የሚጀምሩበት) ራሱ መቀየር ይችላል፣ የተገላቢጦሹን ግን አይችልም። ርዕሱ ላይ ራይት ክሊክ ስታደርጉ መቀየሪያው አለ፣ ከቀየራችሁ በኋላ ግን የቦታና የሰው ስም አብሮ እንዳይኮሰስ እዩት። ባዮሎጂ የምትሰሩ ሰዎች ደግሞ ርዕስ ውስጥ ያለ የዝርያ ስም ኢታሊክ መሆን አለበት፣ እሱንም በእጅ ታግ ማስገባት ነው እንጂ በራሱ አያውቅም። ፕሪፕሪንት (ጆርናል ላይ ከመታተሙ በፊት የተለቀቀ ፔፐር) ያስገባችሁትም እንደዛው፣ ፔፐሩ ታትሞ ከወጣ ቆይቶ እናንተ ጋር ግን ፕሪፕሪንት ሆኖ ይቀራል፣ ሂዳችሁ ማደስ አለባችሁ።

ከኮ-ኦተር ጋር መስራት ላይ ነጥብ እቀንስበታለሁ። ሁሉም ሰው ዞቴሮ ካለው ግሩፕ ላይብረሪ ከፍቶ መስራት ግሩም ነው። አንዱ የኤንድኖት (ሌላ የሪፈረንስ ሶፍትዌር) ተጠቃሚ ከሆነ ግን አንዱ ሶፍትዌር የሌላውን ሳይቴሽን አያነብም፣ አንዱ እጅ መስጠት አለበት (ብዙ ጊዜ እጅ የሚሰጠው ታናሹ ነው፣ ፕሮፌሰሩ አይቀይርማ)። የባሰው ደግሞ ሳይቴሽኑ ላይ በቀጥታ የሚጽፍ ሰው ነው፣ ቅንፉ ውስጥ ገብቶ የገጽ ቁጥር በእጁ ይጨምራል፣ ከዛ ዞቴሮ «ይሄን ቀይራችኋል፣ ይቆይ ወይስ ላጥፋው» ብሎ መጠየቅ ይጀምራል። የገጽ ቁጥር የሚገባው ሳይቴሽኑን ተጭናችሁ በሚከፈተው በራሱ በዞቴሮ ሳጥን ነው፣ ይሄን ለሁሉም ኮ-ኦተር ቀድማችሁ ንገሯቸው። ሳይቴሽኑ በመቶ የሚቆጠር ረጅም ዶክዩመንት ላይም ይንቀራፈፋል፣ ያኔ አውቶማቲክ አፕዴቱን አጥፍታችሁ ሲበቃችሁ ብቻ ሪፍሬሽ ማድረግ ነው።

ስቶሬጅ፦ ነጻው 300 ሜጋባይት ነው፣ ፒዲኤፍ ለሚሰበስብ ሰው ምንም አይደለም፣ ቶሎ ይሞላል። ግን ይሄ ለፋይል ብቻ ነው፣ የሪፈረንሱ መረጃ ሲንክ ሲደረግ አይቆጠርም፣ ስለዚህ የፋይል ሲንኩን አጥፍቶ ፒዲኤፉን ኮምፒውተር ላይ ብቻ ማስቀመጥ ይቻላል። ልክፈል ካላችሁ 2 ጊጋባይት በዓመት 20 ዶላር ነው።

በጣም የወደድኩት ግን ብዙ ሰው የማያወራው ነገር ነው፦ ሪትራክት የተደረገ (ከታተመ በኋላ የተሰረዘ) ፔፐር ላይብረሪያችሁ ውስጥ ካለ በቀይ ያስጠነቅቃችኋል፣ ሳይት ላድርገው ስትሉም እንደገና ይጠይቃል። መረጃውን የሚያገኘው የተሰረዙ ፔፐሮችን ከሚመዘግበው ከሪትራክሽን ዎች ዳታቤዝ ነው። ከዓመታት በፊት ያስቀመጣችሁት ፔፐር በኋላ መሰረዙን ማን ይነግራችኋል ካለዚያ?

የማይሰራውንም ልናገር፣ አንዳንዱ ሰው ዞቴሮ ጫንኩ ማለት ማኑስክሪፕቴ ተዘጋጀ ማለት ይመስለዋል። የመስመር ቁጥር፣ ደብል ስፔስ፣ የአብስትራክቱ የቃል ገደብ፣ የምስሎቹ ጥራት፣ ከቨር ሌተር፣ ይሄ ሁሉ የናንተ ስራ ነው። ብላይንድ ሪቪው (ገምጋሚው የደራሲውን ስም የማያይበት) ከሆነ ስማችሁን ከመጀመሪያው ገጽ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ የወርዱ ፋይል ፕሮፐርቲ ውስጥም ስማችሁ ተቀምጧል። እና ደግሞ ምንም ከመጀመራችሁ በፊት የጆርናሉን የደራሲዎች መመሪያ አንብቡ፣ ምክንያቱም ዛሬ ብዙ ጆርናል፣ የኤልሰቪየር ብዙዎቹም ጭምር፣ ለመጀመሪያው ሳብሚሽን የሪፈረንሱ ስታይል ወጥ ይሁን እንጂ የፈለጋችሁት ይሁን ይላሉ። ገና ላልተቀበሉት ፔፐር ኮማ ሲለቅሙ ማደር ምን ይባላል?

ላቴክ የምትጠቀሙ ሰዎች ቤተር ቢብቴክ የሚባለውን ተጨማሪ ጫኑ፣ የቢብ ፋይሉን (ላቴክ ሪፈረንሱን የሚያነብበትን ፋይል) ራሱ እያደሰ ያወጣላችኋል፣ ካለሱ ዞቴሮና ላቴክ ብዙም አይዋደዱም።

ስትልኩ ደግሞ አንዳንድ አሳታሚ ፊልድ ኮዱን (ሳይቴሽኑን ከዞቴሮ ጋር የሚያገናኘውን ድብቅ ኮድ) አውጡ ይላል። ለዚህ አንሊንክ ሳይቴሽንስ የሚል ቁልፍ አለ፣ ሁሉንም ወደ ተራ ጽሁፍ ይቀይረዋል፣ ፋይሉ ሴቭ ተደርጎ ከተዘጋ መመለሻ የለውም። መጀመሪያ ፋይሉን በሌላ ስም ሴቭ አድርጉና ኮፒው ላይ ብቻ ተጫኑት፣ ሁለተኛው ሪቪወር «እነዚህን ስራዎችም ቢጠቅሱ» ብሎ ዝርዝር ይዞ ሲመጣ የምትመለሱት ወደ ዋናው ፋይል ነው።