ካውያ ሦስት ቀን፣ መብት አንድ ከሰዓት፦ ስለ አንድ የቅድመ ጉዞ ሥልጠና

ታናሽ እኅቴ በቤት ሠራተኛነት ወደ ተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ለመሄድ ከተመዘገበች በኋላ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ ማሠልጠኛ ተቋም ሦስት ሳምንት ገደማ የፈጀ የቅድመ ጉዞ ሥልጠና ወስዳለች። እኔ በዚያው አገር ስድስት ዓመት ሠርቼ የተመለስኩ ነኝና ምን እንደምትማር ማወቅ ፈለግሁ፤ ተቋሙም ፈቅዶልኝ ስለ መብትና ስለ ደኅንነት የተሰጠውን ትምህርት ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አዳመጥሁ፤ የቀረውን ከደብተሯ አነበብሁ። ይህን የምጽፈው ልጃቸውን ወይም እኅታቸውን ለመላክ የሚዘጋጁ ቤተሰቦች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተጓዦቹ ራሳቸው፣ ከእንዲህ ያለው ሥልጠና የሚያገኙትንና የሚጎድላቸውን አስቀድመው እንዲያውቁት ነው።

በቅድሚያ ሊመሰገን የሚገባውን ላመስግን። የተግባር ትምህርቱ ጥሩ ነው። ሠልጣኞቹ በልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ በካውያ፣ በምንጣፍ መጥረጊያና በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ተራ በተራ እጃቸውን አፍታተዋል፤ ካውያው ብቻ ሦስት ቀን ተሰጥቶታል። በተለይ የጽዳት ኬሚካል ያስተማሩት ሴትዮ ያደረጉትን አልረሳውም። ሁለት ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ አቆሙ፤ አንዱ ክሎሮክስ (በረኪና)፣ ሌላው አሲድ ያለበት የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ነበር። ሁለቱን በአንድ ባልዲ መቀላቀል መርዛማ ጋዝ እንደሚፈጥር፣ በሩ የተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ ሳንባን ጎድቶ ሊገድል እንደሚችል ከነገሯቸው በኋላ፣ እያንዳንዷ ሠልጣኝ ተነሥታ ጠርሙሶቹን ከጠረጴዛው ሁለት ጫፍ ለየብቻ እንድታስቀምጥ አደረጉ። የረጅም ፎቅ መስኮት ከውጭ በኩል ለማጽዳት ወደ ደፉ መውጣት ፈጽሞ እንደማይገባም በጥብቅ አስጠንቅቀዋል። እኔ ስሄድ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ችግሩ የሚጀምረው ስለ መብት ሲነገር ነው። ለዚህ የተመደበው ጊዜ አንድ ከሰዓት ብቻ ሲሆን፣ የዚያም ግማሹ ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ትሕትናና የአገርን ስም ስለ መጠበቅ በተሰጠ ምክር አለቀ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ «ማዳም ፓስፖርቴን ብትወስድብኝስ?» ብላ ጠየቀች። አሠልጣኙ፣ «ሁሉም ይወስዳሉ፤ አትጣዪ፤ ስትመለሺ ይሰጡሻል» ብለው አለፉት። እርግጥ ነው፣ ብዙዎች ይወስዳሉ። ነገር ግን ልጅቷ የጠየቀችው የተለመደው ምን እንደሆነ ሳይሆን ቢደርስባት ምን ማድረግ እንደምትችል ነበር፤ ለዚህም ቁርጥ ያለ መልስ አለ። በኤምሬቶች ከታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የቤት ሠራተኞች ሕግ ሠራተኛዋ ፓስፖርቷንም ሆነ መታወቂያዋን በእጇ የማቆየት መብት እንዳላት ይደነግጋል። ስለዚህ ወሰዱብኝ የምትል ልጅ በመጀመሪያ በትሕትና ትጠይቅ፤ ከተቻለ ጥያቄዋን በዋትስአፕ ጽፋ ትላክ፤ የተጻፈ ነገር ቀን አለውና። ካልመለሱላት አቡ ዳቢ ለሚገኘው ኤምባሲያችን ወይም ዱባይ ላለው ቆንስላ ታሳውቅ።

ያው ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ክፍያ ያለበት ዕረፍት፣ በቀን ከ12 ሰዓት ያላነሰ ዕረፍት፣ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ 8ቱ ተከታታይ እንዲሆን ያዛል። በዓመት 30 ቀን ፈቃድ፣ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ (የመጀመሪያዎቹ 15 ቀናት በሙሉ ደመወዝ)፣ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜም ወደ አገር የሚያደርስ የአውሮፕላን ትኬት ይሰጣል። ደመወዝም የሚከፈልበት ቀን ካለፈ በ10 ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። እነዚህ ቁጥሮች በአንድ ወረቀት ላይ ይሰፍራሉ። በእኅቴ ደብተር ውስጥ ግን ያገኘሁት አንዱን ብቻ፣ የሳምንቱን ዕረፍት ነው፤ እሱም «ከተስማማችሁ» የሚል ቃል ተጨምሮበታል። በዕረፍት ቀኗ የምትሠራ ልጅ ምትክ ቀን ወይም ክፍያ እንደሚገባት አልተነገራትም።

ሕግ መኖሩ ብቻውን እንደማያድን ጠንቅቄ አውቃለሁ። የሥራ ቦታው የሰው መኖሪያ ቤት በመሆኑ፣ የመንግሥት ተቆጣጣሪ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ወይም ያለ ዐቃቤ ሕግ ትእዛዝ አይገባበትም። ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ሰው ተቆጣጣሪ ሲመጣ ሊናገር ይችላል፤ ማእድ ቤት ውስጥ ያለችው ግን ራሷ ድምፅ ካላሰማች ማንም አይደርስላትም። ይህን በግልጽ የማይናገር ሥልጠና ዋናውን ነገር ትቷል እላለሁ።

ስለ ፊርማ ደግሞ አንድም ቃል አልተነሣም፤ እኔን ያቃጠለኝ ግን እሱ ነበር። አንድ ቀን ማታ አሠሪዬ ማእድ ቤት ድረስ መጥታ ሰሐን የማጥብበት ቦታ አጠገብ በዓረብኛ የተጻፈ ወረቀት አስቀመጠችና «ለመታወቂያሽ እድሳት ነው፤ እዚህ ጋ ፈርሚ» አለችኝ። እጄን በሽርጤ አድርቄ ፈረምሁ። ከወራት በኋላ ያልተከፈለኝን የአምስት ወር ደመወዝ ስጠይቅ፣ ቅሬታዬ በታየበት ጠረጴዛ ላይ ያ ወረቀት ተዘረጋ፤ ደመወዜን በሙሉ እንደ ተቀበልሁ የሚገልጽ ነበር። የእርጥብ አውራ ጣቴ ምልክት እንኳ ጠርዙ ላይ ይታይ ነበር። በመጨረሻ ያገኘሁት የሁለት ወሩን ብቻ ነው። ማንበብ የማትችዪውን አትፈርሚ፤ የግድ ከሆነም ከመፈረምሽ በፊት ወረቀቱን በስልክሽ ፎቶ አንሥተሽ ለምታምኚው ሰው ላኪ። ደመወዝሽን በባንክ ወይም በሐዋላ ቤት በኩል ለመቀበል ጠይቂ፤ በእጅ ከተቀበልሽም ቀኑንና መጠኑን በየወሩ መዝግቢ። ይህን ለማስተማር ሩብ ሰዓት ይበቃ ነበር።

ከጎደለው ይልቅ ያስደነገጠኝ በስሕተት የተነገረው ነው። አሠልጣኙ «ቢመቷችሁ ወይም ቢሰድቧችሁ በስልካችሁ ቅረጹ፤ ማስረጃ ይሆናችኋል» አሉ። ቅን ምክር ነው፤ ግን አደገኛ ነው። በኤምሬቶች የሰውን ምስል ወይም ድምፅ ያለ ፈቃዱ መቅረጽ፣ ይልቁንም ማሰራጨት፣ በእስራትና በገንዘብ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። አንዲት ልጅ የተደበደበችበትን ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ብትለጥፍ ከሳሽ መሆኗ ቀርቶ ተከሳሽ ልትሆን ትችላለች። መሆን ያለበት የራስን ቁስል ፎቶ ማንሣት፣ ሐኪም ዘንድ ሄዶ የምርመራ ወረቀት መያዝ፣ የተላኩ መልእክቶችን ሳይሰርዙ ማቆየትና ለፖሊስ ማመልከት ነው። ከክፍሉ ስንወጣ ይህን ለአሠልጣኙ ነገርኋቸው። በአክብሮት አዳመጡኝ፣ ማስታወሻም ያዙ፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ።

ስለ ቋንቋው ትምህርት ትንሽ ልጨምር። እኅቴ ከመቶ በላይ የዓረብኛ ቃል ጽፋለች፤ ሽንኩርት፣ ማንኪያ፣ መጥረጊያ፣ «እሺ ማዳም»። አንብቤ ስጨርስ ራቲብን፣ ማለትም ደመወዝን፣ አላገኘሁትም። ሹርጣ፣ ይኸውም ፖሊስ፣ የለም፤ ሰፋራ፣ ማለትም ኤምባሲ፣ የለም፤ ሙስተሽፋ፣ ማለትም ሆስፒታል፣ የለም። ቋንቋው የተመረጠው ሠራተኛዋ ትእዛዝ እንድትሰማ እንጂ እርዳታ እንድትጠይቅ አይደለም ያሰኛል። እነዚያን አራት ቃላት በደብተሯ ሽፋን ላይ ራሴ በትልቁ ጻፍሁላት፤ ከሥራቸውም 999 የፖሊስ፣ 80084 የሠራተኞች ቅሬታ መቀበያ ስልክ መሆናቸውን አከልሁ።

የአገራችን ሕግ የሚሰጠውን ከለላም በጥቂት ደቂቃ አልፈውታል። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን ወጪ በአሠሪው ላይ ይጥላል፤ ሠራተኛዋ የምትሸፍነው እንደ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ ያሉትን ነው። ሠራተኛዋን የላከው ኤጀንሲም ውሉ ሲጣስ ከውጭ አሠሪው ጋር በጋራና በተናጠል ኃላፊ ነው። ይህ ማለት ደመወዟን የተከለከለች ልጅ ወይም ቤተሰቧ እዚህ አዲስ አበባ ያለውን ኤጀንሲ መጠየቅ ይችላሉ ማለት ነው። አዋጁ ሲወጣ ኤጀንሲዎች 100,000 የአሜሪካ ዶላር ዋስትና እንዲያስይዙ ያዘዘው ለዚሁ ነበር። በእኅቴ ክፍል ከነበሩት ሠልጣኞች መካከል ያነጋገርኋቸው አራቱ ይህን አያውቁም ነበር፤ ሁለቱ ደግሞ «ለቪዛ» ተብለው ለደላላ ከፍለዋል። የውላቸውን ቅጂ በእጃቸው የያዘች አንዲትም አላገኘሁም፤ ኤጀንሲው «አውሮፕላን ማረፊያ እንሰጣችኋለን» ብሏቸው ነበር። ውልን በዕለተ ጉዞ፣ በሰልፍ መካከል መቀበል አንብቦ ለመረዳት ጊዜ አይሰጥም።

ከቤት ጠፍቶ ስለ መውጣትም ሊነገር ይገባ ነበር። «አትጥፉ» ተብሏል፤ ምክንያቱ ግን አልተብራራም። ሹልክ ብላ ወጥታ ሌላ ቤት የምትቀጠር ልጅ አሠሪዋ ጠፋች ብሎ ሲያመለክት መኖሪያ ፈቃዷ ይበላሻል፣ ያልተከፈላትን መጠየቅም ይከብዳታል። ሕይወቷ አደጋ ላይ ከሆነ ግን ትውጣ፤ የምትወጣውም ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወይም ወደ ቆንስላ እንጂ በመንገድ ላይ ወዳገኘችው የአገር ልጅ ቤት አይሁን። ብትያዝ ደግሞ ለቆንስላዋ እንዲነገርላት መጠየቅ መብቷ ነው፤ ይህም በ1963 እ.ኤ.አ. በቪየና በተፈረመው የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36 የተረጋገጠ ነው።

ታዲያ ሥልጠናውን እመክራለሁን? ለሥራው፣ አዎ፤ እኅቴ ካውያና ማሽን ይዛ አትደናገጥም፣ ኬሚካልም አትቀላቅልም። ለመብትና ለደኅንነት ግን በዚህ ብቻ ተማምኖ ልጅን መላክ አይገባም፤ ቤተሰብ ሕጉን ከሚያውቅ ወይም እዚያ ኖሮ ከተመለሰ ሰው ጋር ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን አስቀምጦ ሊያስተምራት ይገባል። የእኅቴን ውል ከመብረሯ ዘጠኝ ቀን በፊት ኤጀንሲው ቢሮ ሦስት ጊዜ ተመላልሰን ተቀብለናል፤ አንዱ ቅጂ እናታችን ሣጥን ውስጥ፣ አንዱ በእኔ ስልክ ላይ አለ። ለተቋሙም የመብቱ ትምህርት ወደ ሁለት ቀን እንዲያድግ፣ የቀረጻው ምክር እንዲታረምና አራቱ ቃላት በዓረብኛው ትምህርት እንዲገቡ የሚጠይቅ ደብዳቤ አስገብቻለሁ። ኃላፊዋ ደብዳቤውን ተቀብለው ለቀጣዩ ዙር እንደሚያዩት ነግረውኛል፤ ዙሩ ሲጀመር ሄጄ እጠይቃለሁ።