ግድግዳውን ሳያንኳኩ ለማይበሱ ባለሙያ ምስጋና

አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄድን የምንከታተል ነርሶችና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ነን። ይህን የጻፍነው ለመታጠቢያ ቤትና ለደረጃ መያዣ ብረት የሚገጥሙልንን ባለሙያ በይፋ «እጅዎ ይባረክ» ለማለት ነው። ስሜ አይጠቀስ ስላሉ አልጠቀስነውም፤ ስልካቸውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እንሰጣለን።

ብዙ ሰው ይህ ሥራ አራት ብሎን ማሰር ብቻ ይመስለዋል። ጣጣው ግን ያለው ከሴራሚኩ ጀርባ ነው። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ተራ የፕላስቲክ ፊሸር የሚጨብጠው የፊቱን ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ለፎጣ መስቀያ ይበቃል፤ ሚዛኑን የሳተ ሰው በሙሉ ክብደቱ ሲንጠለጠልበት ግን ሽፋኑን ገንጥሎ ይወጣል። ስለዚህ እኚህ ሰው ድሪል ከማንሳታቸው በፊት ግድግዳውን እያንኳኩ ያዳምጣሉ፤ የውሃ ቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመር በየት በኩል እንደሚያልፍም ያጣራሉ። ኮንክሪት ከሆነ የብረት ፊሸር ይጠቀማሉ። ብሎኬት ከሆነ ቀዳዳው ውስጥ የወንፊት ቱቦ ከተው በኬሚካል ማጣበቂያ ይሞሉታል፤ ማጣበቂያው በወንፊቱ ወጥቶ ከሽፋኑ በስተጀርባ ያብጥና ሲደርቅ ይነክሳል። ጂፕሰም ቦርድ ከሆነና ከጀርባው እንጨት ወይም ብረት ከሌለ «አልገጥምም» ይላሉ። ከሁሉ በላይ የወደድንላቸው ይህን እምቢታቸውን ነው።

ሴራሚክ ሲበሱ ፕላስተር ለጥፈው፣ የድሪሉን መዶሻ አጥፍተው፣ ቀስ ብለው ነው። ፊሸሩንም ሴራሚኩን አሳልፈው ወደ ውስጥ ይገፉታል፤ ሴራሚኩ መሃል ላይ ከሰፋ ይሰነጥቀዋልና። ብሎኑ ስቴንለስ ነው። ውሃ የሚከለክለውን ሲሊከን በመያዣው እግር ዙሪያ ከላይና ከጎን ይቀቡና ከታች ክፍት ይተዉታል፤ ውሃ ከገባ መውጫ እንዲኖረው። እውነቱን ለመናገር ዘገምተኛ ናቸው፤ ማጣበቂያው በደንብ ሳይደርቅ ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም፤ አንዳንዴ የአንድ ቀን ሥራ ሁለት ቀን ይሆናል። ሲጨርሱ ግን ራሳቸው በሙሉ ክብደታቸው ተንጠልጥለው ይፈትኑታል። የአሜሪካ የተደራሽነት መስፈርት መያዣው 113 ኪሎ ገደማ እንዲችል ይጠይቃል፤ ከዚያ በታች የሆነ ዕቃ አይቀበሉም። ግድግዳ ላይ በአየር የሚለጠፈውን መያዣ እኛም አንመክርም፤ መቼ እንደሚለቅ አይታወቅም።

ልኬቱም ልብ ይባል። በብረቱና በግድግዳው መካከል 38 ሚሊሜትር ይተዋሉ። ከዚያ ከጠበበ ጣት አይዞርም፤ ከሰፋ ደግሞ የሚወድቅ ሰው ክንዱ ሾልኮ ገብቶ ሊሰበር ይችላል። የሽንት ቤቱን መያዣ ከፍታ በመጽሐፍ ብቻ አይወስኑም። አረጋዊውን ሁለት ሦስቴ አስቀምጠው ያስነሱና እጃቸው በራሱ የሚሄድበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት ያደርጋሉ። አንድ ወገናቸው የደከመ ከሆነ መያዣው በብርቱው እጅ በኩል ይውላል።

የደረጃ መደገፊያ በሁለቱም ጎን ይሠራሉ፤ ሲወጡ የሚረዳው እጅ ሲወርዱ በሌላው ወገን ነውና። ከላይኛው ደረጃ 30 ሴንቲሜትር ያህል አልፎ እንዲዘልቅ ያደርጋሉ፤ ሰው እግሩን ሜዳ ላይ ሳያሳርፍ እጁን እንዳይለቅ። የየደረጃው ጠርዝ ላይ ደግሞ ደማቅ የማያንሸራትት ጥብጣብ ይለጥፋሉ። የመታጠቢያ ቤት በር ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ወደ ውጭ ያዞሩታል፤ የወደቀ ሰው በሩን በገላው ሲዘጋው ረዳት መግባት ያቅተዋል። ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ያለውን መንገድ እንቅስቃሴ ሲያዩ በሚበሩ፣ ዝቅ ብለው በተተከሉ መብራቶች ያበጁታል። ከፍ ብሎ ዓይን የሚወጋ አምፖል ሌሊት ከጨለማው ብዙም አይሻልም።

የውሃ ማሞቂያ ግን አይነኩም፤ «የቧንቧ ባለሙያ ጥሩ» ይላሉ፣ ልክም ናቸው። 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ በጥቂት ሰከንድ ገላ ይልጣል፤ ማሞቂያውን ከዚያ በጣም ዝቅ ማድረግ ደግሞ ባክቴሪያ ሊያራባ ይችላል። መፍትሔው ከቧንቧው አጠገብ የሚገጠም ሙቅና ቀዝቃዛ የሚያደባልቅ ቫልቭ ነው።

ስትደውሉላቸው ግድግዳው ከምን እንደተሠራ ቀድማችሁ ንገሯቸው። አባት ወይም እናት በዚያ ቀን ቤት ይሁኑ፤ እነሱ በሌሉበት ልኬት አይወስዱም።