የካርቦን ክሬዲት ልትገዙ ነው? ደን፣ ምድጃ ወይስ ባዮቻር

በመኪና ስትመላለሱ፣ በአውሮፕላን ስትበሩ ወይም ድርጅት ስታንቀሳቅሱ የምትለቁትን ካርቦን በክሬዲት ለማካካስ ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ ልኩን እንያዝ። 1 ክሬዲት ማለት ሌላ ቦታ እንዳይለቀቅ የተደረገ ወይም ከአየር የተወሰደ 1 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። 1 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ገደማ ይለቃል፣ ናፍጣ ደግሞ 2.7 ኪሎ ገደማ። 40 ሊትር ቤንዚን የሞላ ሰው ጨርሶ እንደገና እስኪቀዳ ድረስ 92 ኪሎ ለቀቀ ማለት ነው። ወደ 430 ሊትር ሲደርስ አንድ ክሬዲት ሞላ።

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከደን ነው። ዋጋው ቀላል ነው፣ ዛፍ ደግሞ ማንም ይወዳል። ችግሩ ዕድሜው ላይ ነው። ከመኪናችሁ የወጣው ካርቦን በከፊል ለሺህ ዓመታት አየር ላይ ይቆያል፣ ዛፉ ግን ሊቆረጥ ወይም ሊቃጠል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ኦሪገን ውስጥ የተነሳው ቡትሌግ የተባለው ሰደድ እሳት ክሬዲት የተሸጠበትን ደን ጭምር በልቷል። ለዚህ ሲባል ፕሮጀክቶች የተወሰነ ክሬዲት ሳይሸጡ ለመጠባበቂያ ያስቀምጣሉ፤ ስለዚህ ስንት እንዳስቀመጡና ደኑን ለስንት ዓመት ሊጠብቁ ቃል እንደገቡ ሳትጠይቁ አትግዙ።

ወደ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ልቤ ያደላል። ጭሱ ይቀንሳል፣ እናቶችና ልጆች እፎይ ይላሉ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ቁጥሩ ላይ ግን ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2024 ኔቸር ሰስተይነቢሊቲ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት የመረመራቸው የምድጃ ፕሮጀክቶች በአማካይ ከሚገባው 9 እጥፍ ገደማ ክሬዲት እንደሰጡ አሳይቷል። ምክንያቱም ሰው ምድጃውን ምን ያህል እንደሚጠቀምበት፣ የድሮውንስ ጎን ለጎን እንደሚያነድ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ በግምት ነው። በዚያው ጥናት የተሻለ ሆነው የተገኙት የነዳጅ ፍጆታውን በቀጥታ የሚለኩት ናቸው። ምድጃ ከመረጣችሁ እነሱን ፈልጉ።

የነፋስና የፀሐይ ኃይል ክሬዲት? እኔ አልገዛም። ብዙዎቹ ያለ ክሬዲቱ ገንዘብም ይሠሩ ነበር፣ ስለዚህ የእናንተ ብር ምንም አልቀየረም።

ባዮቻር ለኔ ሚዛኑን የጠበቀው ነው። የሰብል ተረፈ ምርት አየር በሌለበት ያግሉታል፣ ከሰል መሰል ነገር ይሆናል፣ አፈር ውስጥ ሲገባ አብዛኛው ካርቦን ለመቶዎች ዓመታት ይቆያል። ዋጋው ከደን ይወደዳል። ከዚያም በላይ የሚወደደው ካርቦንን ከአየር ላይ በማሽን መሳብ ነው። አይስላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2021 የተከፈተው ኦርካ የተሠራው በዓመት 4,000 ቶን እንዲስብ ነው፤ የተሳበው በውኃ ተሟሙቶ ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ይገባና እሱም ድንጋይ ይሆናል። አንዴ ድንጋይ ከሆነ አስተማማኝነቱ አያጠያይቅም፣ ግን ለዕለት ጉዞ ኪስ ይጎዳል።

የትኛውንም ብትመርጡ አንድ ነገር አትለፉ። አንድ ጊዜ የደን ክሬዲት ገዝቼ የሚያምር ሰርተፍኬት ተላከልኝ፣ ቅጠል የተሳለበት፣ ስሜ በትልቁ የተጻፈበት። ተከታታይ ቁጥር ግን የለውም። ቁጥሩን ስጠይቅ መልስ የለም። ክሬዲቱ እንደ ቬራ ወይም ጎልድ ስታንዳርድ ባሉ መዝገቦች ላይ ቁጥሩ ተይዞ በስማችሁ «ጥቅም ላይ ውሏል» ተብሎ ካልተዘጋ፣ ያው ቶን ነገ ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል።

ድርጅት ከሆናችሁ ደግሞ ማስታወቂያችሁን ተጠንቀቁ። የአውሮፓ ኅብረት ከሴፕቴምበር 2026 ጀምሮ በማካካሻ ብቻ ተመርኩዞ ምርትን «ከካርቦን ነፃ» ብሎ ለሸማች ማስተዋወቅን ይከለክላል። መጀመሪያ ነዳጁንና በረራውን ቀንሱ፣ የቀረውን ግዙ።

ለመኪና ጉዞ ብቻ ከሆነ በቀጥታ የተለካ ምድጃ በቂ ነው እላለሁ። በረራ ለሚያበዛና ለድርጅት ግን ቁጥሩ ቢያንስም ባዮቻር ይሻላል፤ 10 አጠራጣሪ ቶን ከመግዛት 2 እርግጠኛ ቶን ገዝቶ የቀረውን «አላካካስኩም» ብሎ በግልጽ መናገር ይሻላል።