ሳይፈቱ የሚጠይቁ የጀልባ ሞተር መካኒክ

ጣና ላይ አሳ አጠምዳለሁ። ጀልባዬን የምትገፋው ባለ 15 ፈረስ ጉልበት፣ ቤንዚንና ዘይት ተደባልቆ የሚሞላላት ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተር ናት። ባለፈው ወር ከጉማራ ወንዝ አፍ ቀረሶ ጭኜ ስመለስ፣ ከጎኗ የምትረጨው ቀጭን የማቀዝቀዣ ውሃ ቀጥ አለች። ያቺ ውሃ ከቆመች ሞተሯ እየነደደች ነው ማለት ነው። ወዲያው አጠፋሁና ቀዘፋ ጀመርኩ። ወገቤን እስካሁን ያመኛል።

መጀመሪያ የወሰድኳት መኪና የሚሠራ ጋራዥ ነው፤ ስሙን ልተወው። ሰውየው ሽፋኗን እንኳ ሳያነሳ "ቴስታው መውረድ አለበት" ብሎ፣ የሞተሩን የላይኛው ክዳን ማለቱ ነው፣ 14 ሺህ ብር ጠራ። ሞተሯን መልሼ ባጃጅ ላይ ጫንኩ።

ሁለተኛው ቤት ባሕር ዳር ውስጥ ያለ፣ ማስታወቂያ እንኳ ያልተለጠፈበት የቆርቆሮ ቤት ነው። በሩ ላይ ውሃ የሞላ በርሜል አለ። መካኒኩ ጋሼ መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት "እንቦጭ ውስጥ ገብተህ ነበር?" አሉኝ። ገብቼ ነበር። የታችኛውን እግር ሲያወልቁ የውሃ መሳቢያው በሥር ተጠቅጥቋል። ውሃ የምትገፋዋ የፖምፓ ጎማ ደግሞ ሁለት ክንፏ የለም። ጎማዋን የሚያለሰልሳት ውሃው ራሱ ነው፤ ደርቃ ትንሽ ከዞረች ትቃጠላለች።

እኔ አዲስ ጎማ ገብቶ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። እሳቸው "የተቆረጡትን ሳላገኝ አልገጥምም" አሉ። አንዱ ክንፍ ቱቦው ውስጥ ቶሎ ተገኘ። ሌላውን ፍለጋ ግማሽ ቀን ፈጀ፤ ላይ፣ የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ሥር ተወሽቆ ነበር። እዚያው ቢቀር ውሃውን መልሶ ይዘጋው ነበር። እኔ ይህን ቤት የወደድኩት እዚህ ላይ ነው።

የካምቢዮውን ዘይት ሲያፈሱ ወተት መስሎ ወጣ። ውሃ ገብቶበታል። ለካ የፕሮፔለሩ ዘንግ ላይ የመረብ ክር ተጠምጥሞ ውሃ የሚከለክለውን ጎማ በልቶታል። መረቡም የራሴ!

"ጉልበቷም ደክሟል" ብዬ ሳማርር እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ነቅለው አሳዩኝ፤ ጥላሸት ለብሷል። ጣና ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፣ አየሩ ስስ ነው። ለባሕር ጠለል ከፍታ የተመጠነው፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ቤንዚን የምታሳልፈዋን የነሐስ ቀዳዳ በጠባብ ቀየሩልኝ። ድብልቁንም እንዳስተካክል መከሩኝ፦ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት። እኔ በግምት ነበር የማፈሰው።

ጉድለት አላቸው። "ሁለት ቀን" ያሉኝ አምስት ቀን ሆነ። ደረሰኝ የለም። ስልክማ አያነሱም። በጠቅላላ 6,200 ብር ከፈልኩ፤ ከመክፈሌ በፊት ግን ሞተሯን በርሜሉ ውስጥ አስነስተው፣ የምትረጨውን ውሃ በእጄ እንድነካው አደረጉኝ። ለብ ያለ ነው።

ስትሄዱ ጠዋት ሂዱ። አሮጌ ካንዴላችሁንም እንዳትጥሉት፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።