የቲ5 ዩቪቢ ቱቦ እና ዲ3 የሌለበት ካልሲየም፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ግምገማው የሚመለከተው ለቢርድድ ድራጎን (ጺማም እንሽላሊት) ቴራሪየም (መኖሪያ ሳጥን) የተገጠመ ባለ 39 ዋት፣ 85 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው፣ 12 በመቶ ዩቪቢ (ቆዳ ቫይታሚን ዲ3 እንዲሠራ የሚያደርግ፣ በዓይን የማይታይ ጨረር) የሚሰጥ ቲ5 ኤችኦ (ቀጭንና ብርቱ የፍሎረሰንት) ቱቦ ነው። ቱቦው የሚገባበት ማቀፊያ አንጸባራቂ ቆርቆሮ አለው፤ ባላስቱም (ለቱቦው ኤሌክትሪኩን የሚመጥነው ክፍል) አብሮት የተሠራ ነው። ቴራሪየሙ 120 በ60 በ60 ሴንቲሜትር ነው። ከቱቦው ጋር አብሮ የሚሄደው ምግብ ላይ የሚነሰነስ ዲ3 የሌለበት የካልሲየም ካርቦኔት ዱቄት ነው። ቱቦው ጥሩ ነው፣ ደግሞም ይገዛል። ደካማው ነገር አብሮት የሚመጣው መመሪያ ነው፤ የሚያወራው ስለ ዋት ሲሆን ስለ ርቀት የሚለው ከአንድ መስመር አይበልጥም። ውጤቱን የሚወስነው ግን ርቀቱ ነው።

እንሽላሊቱ ዲ3 የሚሠራው በቆዳው ነው። ከ290 እስከ 315 ናኖሜትር ያለው ጨረር ቆዳው ላይ ሲያርፍ ቅድመ ቫይታሚን ዲ3 ይፈጠራል፤ ይህም በሰውነት ሙቀት ወደ ዲ3 ይለወጣል። ከዚያ ጉበትና ኩላሊት ተራ በተራ ካዘጋጁት በኋላ አንጀት ካልሲየምን እንዲመጥ ያደርጋል። ሙቀት የሂደቱ አካል ስለሆነ ቱቦው ከመሞቂያው አምፖል ጎን ለጎን መሆን አለበት። መሞቂያው ወለል ከ38 እስከ 42 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ቀዝቃዛው ጫፍ ደግሞ 25 አካባቢ ሲሆን እንሽላሊቱ ጨረሩን የሚያገኘው ራሱ ሊሞቅ ሲወጣ ነው። ቱቦውን ቀዝቃዛው ጥግ ላይ መስቀል ገንዘብን መጣል ነው።

ርቀቱ የሚለካው ከቱቦው እስከ እንስሳው ጀርባ ነው። ብዙ ሰው እስከ ወለሉ ይለካና ይሳሳታል። ያለ ሽቦ ክዳን፣ በአንጸባራቂ፣ ይህ ቱቦ ከ30 እስከ 38 ሴንቲሜትር ላይ መቀመጥ አለበት፤ ሶላርሜትር 6.5 በሚባለው መለኪያ ሲታይ ጀርባው ላይ ያለው ዩቪ ኢንዴክስ (የጨረሩ ብርታት መጠን) ከ3 እስከ 5 እንዲሆን ይፈለጋል። ጣሪያው 60 ሴንቲሜትር በሆነ ሳጥን ውስጥ ይህን ለማግኘት ቱቦውን ማውረድ ግድ አይደለም፤ መሞቂያውን ድንጋይ ወይም ግንድ ከወለሉ ከፍ ማድረግ ይበቃል። በቱቦው ሁለት ጫፎች ያለው ጨረር ከመሐሉ ስለሚደክም መሞቂያው በጫፉ ሥር ሳይሆን ወደ መሐል ገባ ብሎ መሆን አለበት። የሳጥኑ ሌላኛው አንድ ሦስተኛ ያለ ቱቦ ይቀራል፤ እንስሳው ከጨረር የሚሸሽበት ጥላ ያስፈልገዋል። መብራቱን ከጎን መትከል ደግሞ አይሆንም። የዓይኑ ቅንድብ የሚከላከለው ከላይ የሚመጣውን ነው፤ ከጎን የሚመታ ጨረር ዓይንን ያቃጥላል፣ እንስሳውም ዓይኑን ጨፍኖ ይውላል።

ማቀፊያው ከሽቦ ክዳን በላይ ከተቀመጠ ሽቦው እንደ ጥልፉ ጥበት ከጨረሩ አንድ ሦስተኛውን፣ አንዳንዴም ግማሹን ይወስዳል። ያን ጊዜ መሞቂያውን ድንጋይ ወደ ቱቦው ማቅረብ ወይም ማቀፊያውን ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። መስታወትና ተራ ፕላስቲክ ግን ዩቪቢን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ያስቀራሉ፤ ስለዚህ በመስኮት የሚገባ ፀሐይ ለአጥንት አይቆጠርም።

የማቀፊያው ድክመት ሁለት ነው። መስቀያ ቅንጥቦቹ ስስ ፕላስቲክ ናቸው፤ ከሙቀት አምፖሉ ጎን ሲቆዩ ይላላሉ፣ ስለዚህ በብሎን ወይም በሽቦ ማጠንከር ይሻላል። ማብሪያው ገመዱ ላይ ስለሆነ ያለ ታይመር መጠቀም አይመችም። በቀን 12 ሰዓት፣ በሞቃት ወራት እስከ 14 ሰዓት በታይመር ይሂድ። አንጸባራቂው አቧራ ሲይዝ ኃይሉ ስለሚቀንስ መብራቱን አጥፍቶ፣ ቀዝቅዞም፣ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ነው።

ወደ ምግቡ ስንመጣ፣ መብራቱ ያልመጣ ካልሲየምን ማስመጠጥ አይችልም። በምግቡ ውስጥ ካልሲየሙ ከፎስፎረሱ ሁለት እጥፍ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ለመኖ የሚሰጡት ነፍሳት፣ ክሪኬት (ፌንጣ መሰል ነፍሳት) እና ሚልወርም (የጥንዚዛ እጭ)፣ ግን በተቃራኒው ፎስፎረሳቸው ከካልሲየማቸው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። የብላክ ሶልጀር ዝንብ እጭ ብቻ በተፈጥሮው ካልሲየም የሞላበት ነው። ካልሲየም ካርቦኔት ከክብደቱ 40 በመቶው ካልሲየም ነው፣ ፎስፎረስም የለበትም፤ ጉድለቱን የሚያስተካክለው ለዚህ ነው። ከአምራቹ ስም ይልቅ የዱቄቱ ልመት ወሳኝ ነው፦ የላመው ነፍሳቱ ላይ ይጣበቃል፣ ሻካራው ጽዋው ሥር ይቀራል። አንድ ቁንጥር ዱቄት ከነፍሳቱ ጋር ክዳን ባለው ጽዋ አድርጎ ስስ ነጭ ሽፋን እስኪይዙ መወዝወዝ ነው። ወዲያው ይቅረብ፤ ነፍሳቱ ራሳቸውን ስለሚያጸዱ ትንሽ ቆይቶ የሚበላ ክሪኬት ዱቄቱን ጥሎታል። ለታዳጊ እንስሳ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለአዋቂ ሦስት ቀን፤ መልቲቫይታሚን ደግሞ በሳምንት አንዴ። ቱቦው በትክክል እየሠራ ዲ3 ያለበትን ዱቄት በየቀኑ መጨመር አያስፈልግም። ቆዳ የሚሠራው ዲ3 ሲበዛ በጨረሩ ራሱ ይፈርሳል፤ የተዋጠው ግን ይጠራቀማል፣ ከልክ ካለፈም ካልሲየም ኩላሊትና የደም ሥር ላይ ይጋገራል።

ነፍሳቱን ከመስጠት በፊት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ካልሲየም የበዛበት ምግብ ማብላት ሌላው ግማሽ ነው። ካሮትና ድንች ውሃ ይሰጣቸዋል እንጂ ካልሲየም አይሞላቸውም። ካልሲየም የበዛበትን መኖ ደግሞ ከዚያ በላይ ማቆየት አያስፈልግም፣ ነፍሳቱ ይሞታሉ። ከቅጠል በኩል ጎመን፣ የሰናፍጭ ቅጠልና ዳንዴሊየን ዋና ይሁኑ። ስፒናችና ቆስጣ ኦክሳሌት የተባለ ንጥረ ነገር ስላለባቸው ካልሲየሙን ያስሩታል፤ ሰላጣ ከውሃ ብዙም አይሻልም። አዋቂው ከሚበላው አብዛኛው ቅጠል መሆን አለበት፣ ታዳጊው ግን በብዛት ነፍሳት ይበላል። የነፍሳቱ መጠን በእንስሳው ሁለት ዓይኖች መካከል ካለው ስፋት አይብለጥ።

የካልሲየም ጉድለት ቶሎ የማይታየው አጥንቱ የካልሲየም ጎተራ ስለሆነ ነው። የደም ካልሲየም ሲጎድል ፓራታይሮይድ ዕጢ ከአጥንት እያወጣ ይሞላል፤ እንስሳው እየበላና እየተንቀሳቀሰ ሳለ አጥንቱ ይሳሳል። ጣቶች ሲንቀጠቀጡ፣ መንጋጋ ሲለሰልስ ወይም ሲያብጥ፣ ሲሄድ ሆዱ መሬት ሲጎተት፣ ጅራት ወይም ጀርባ ሲጎብጥ ጊዜው ሄዷል። ያን ጊዜ ዱቄት መጨመር ሕክምና አይደለም፤ ተሳቢ እንስሳትን የሚያውቅ ሐኪም ራጅና የደም ምርመራ ያደርጋል። እጅ ላይ ሲነሣም ደረትና ዳሌው ከሥር ይደገፍ፤ የሳሳ አጥንት በአያያዝ ብቻ ይሰበራል።

የቲ5 ቱቦ 12 ወር ሲሞላው ይቀየራል፣ የድሮው፣ ወፈር ያለው ቲ8 ቱቦ ደግሞ በ6 ወር። የሚታየው ብርሃን እንደ አዲስ እያበራ ዩቪቢው ስለሚወርድ በዓይን መፍረድ አይቻልም። የተገጠመበትን ቀን በእስክርቢቶ የብረት ጫፉ ላይ መጻፍ ይበቃል፤ መለኪያ ያለው ሰው በየሁለት ወሩ ቢፈትሽ ከቀን መቁጠር ይበልጣል። አዲስ ቱቦ በመጀመሪያዎቹ 100 ሰዓታት ኃይለኛ ስለሆነ መሞቂያውን ድንጋይ ጥቂት ሴንቲሜትር ዝቅ አድርጎ ማቆየትና ከዚያ መልሶ መለካት ያስፈልጋል። አሮጌው ቱቦ ውስጥ ሜርኩሪ ስላለ ሳይሰበር፣ ከቤት ቆሻሻ ተለይቶ ይወገድ።