ሲንግል ፌዝ ወይስ ስሪ ፌዝ? ለቤትዎ ቆጣሪ ከመጠየቅዎ በፊት

አዲስ ቤት የሚሠራ ወይም የቆየ ቤት የሚያድስ ሰው ኤሌክትሪሺያን ሲያማክር ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «ስሪ ፌዝ አስገባ» የሚል ነው። ሲንግል ፌዝ ኤሌክትሪክ በአንድ ሽቦ (ፌዝ)፣ ስሪ ፌዝ በሦስት ሽቦ የሚያስገባ መስመር ነው፤ ሁለቱም ኒውትራል የሚባል መመለሻ ሽቦ አላቸው። የሚያስፈልገው ቤት አለ፤ ለብዙው ቤት ግን ትርፍ ወጪ ነው። ምርጫውን የሚወስነው የክፍሉ ብዛት ሳይሆን በአንድ ሰዓት አብረው የሚሠሩት ዕቃዎች የሚስቡት አምፔር (የኤሌክትሪክ ፍሰት መጠን) ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ የዕቃውን ዋት ለ220 (ለቤት መብራት ቮልቴጅ) ማካፈል። 3,500 ዋት የእንጀራ ምጣድ 16 አምፔር ገደማ ይስባል። 1,500 ዋት የውሃ ማሞቂያ 7፣ ባለ ሁለት ምድጃ 2,500 ዋት ስቶቭ 11፣ ትንሽ የውሃ ፓምፕ 5 (ሲነሳ ለቅጽበት ብዙ እጥፍ)፣ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥንና አምፖሎች ተደምረው 3። ሁሉም ባንዴ ከሠሩ 42 አምፔር ይሆናል፤ ከባለ 40 አምፔር ዋና ብሬከር አቅም በላይ ነው። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ስቶቩ ከጠፋ ግን ድምሩ 31 ነው። እንዲህ ላለ ቤት ሲንግል ፌዝ ይበቃል።

የሚበቃው ግን መስመሩ በአግባቡ ከተዘረጋ ነው። «መብራቱ አይችልም» የሚባልበት ብዙ ቤት ጉድለቱ የሽቦው ነው። ቆጣሪው ከቤቱ 40 ሜትር ቢርቅና የተሳበው ባለ 6 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ቢሆን፣ 32 አምፔር ሲያልፍበት ከ7 ቮልት በላይ መንገድ ላይ ይቀራል፤ በባለ 10 ወደ 4.5 ይወርዳል። ቮልቴጁ 190 ሲደርስ 3,500 ዋት የነበረው ምጣድ የሚሰጠው 2,600 ዋት ገደማ ብቻ ነው። ሊጡ ተሰፍቶ ቶሎ አይፈላም፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ጋጋሪዋም እርሾውን ትወቅሳለች።

ወደ ስሪ ፌዝ ለመቀየር ከመወሰንዎ በፊት ምጣዱ እየሠራ ቮልቴጁን በሁለት ቦታ ያስለኩ፤ ከቆጣሪው ቀጥሎ ባለው ዋናው ብሬከር ላይ እና ምጣዱ ሶኬት ላይ። ብሬከሩ ላይ 215፣ ሶኬቱ ላይ 195 ከሆነ ችግሩ የቤቱ ሽቦ ወይም የላላ ብሎን ነው፤ ስሪ ፌዝ ቢገባም አይለቅም። መፍትሔው ለምጣዱ ብቻ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ከባለ 20 አምፔር ብሬከር ጋር መሳብና ሶኬቱን መቀየር ነው፤ ሶኬቱ ዙሪያው ከጠቆረ ወይም ፕላስቲኩ ከሸተተ ነገ አይባልም። ምጣድ በዲቫይደር ፈጽሞ አይሠራም። ብሬከሩ ላይ ራሱ 195 ከሆነ ግን ችግሩ ከግቢዎ ውጭ ነው፤ ፌዙ ተጨናንቆ ወይም ትራንስፎርመሩ ርቆ ሊሆን ስለሚችል ለመብራት ኃይል ማመልከት እንጂ ግድግዳ መፈልፈል አያዋጣም።

ስሪ ፌዝ የሚያዋጣው ጭነቱ በእውነት ሲበዛ ነው። በላይኛው ምሳሌ ምጣዱ አንድ ፌዝ ላይ (16)፣ ማሞቂያውና ፓምፑ ሁለተኛው ላይ (12)፣ ስቶቩና የቀረው ሦስተኛው ላይ (14) ቢከፋፈሉ አንዱም አይጨናነቅም፤ ሦስቱ ስለሚቀራረቡ በኒውትራሉ የሚመለሰው ጥቂት ነው፣ የመንገድ ላይ ብክነቱም ይቀንሳል። ሁለት ቤተሰብ በአንድ ግቢ ሲኖር፣ ሁለት ምጣድ ባንዴ ሲጣድ፣ የብየዳ ማሽን ወይም ትልቅ ሞተር ሲኖር ያለ ጥርጥር ስሪ ፌዝ ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከታገደ ወዲህ ደግሞ መኪና ቻርጅ ማድረግ ተጨምሯል። የ7 ኪሎዋት ቻርጀር 32 አምፔር ያለማቋረጥ ለሰዓታት ይስባል፤ ከምጣድ ጋር በአንድ ፌዝ አይኖርም። ለቻይና ገበያ የተሠሩ ብዙ መኪኖች በቤት ቻርጀር የሚቀበሉት ሲንግል ፌዝ ስለሆነ ስሪ ፌዝ ቻርጁን አያፈጥነውም፤ ጥቅሙ ለመኪናው የራሱን ፌዝ መስጠት ነው። መኪናውን ሌሊት ብቻ የሚሰካ ሰው በጥሩ ሲንግል ፌዝም ሊወጣው ይችላል።

ስሪ ፌዝ የራሱ አደጋ አለው፤ ሻጮች ሲያነሱት አይሰማም። የቤቱ ኒውትራል ከላላ ወይም ከተበጠሰ፣ ብዙ ዕቃ ያለበት ፌዝ ቮልቴጁ ይወርድና ጥቂት ዕቃ ያለበት ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ቴሌቪዥንና ፍሪጅ በደቂቃ ውስጥ ይቃጠላሉ። በሲንግል ፌዝ ቤት የራሱ ኒውትራል ቢበጠስ መብራቱ ይጠፋል እንጂ ቮልቴጁ አይወጣም (የሰፈሩ መስመር ከተበጠሰ ግን እሱም አያመልጥም)። ስለዚህ ስሪ ፌዝ ካስገቡ ዋናው ብሬከር ባለ አራት ፖል (ሦስቱን ፌዝና ኒውትራሉን አብሮ የሚቆርጥ) ይሁን፣ በኒውትራል ላይ ብቻውን ፊውዝ አይግባ፣ ከ170 በታችና ከ250 በላይ የሚቆርጥ የቮልቴጅ መከላከያ ይገጠም። ስሪ ፌዝ ሞተር ካለ አንድ ፌዝ ሲሄድ የሚያጠፋው ሪሌይ የግድ ነው፤ ያለዚያ ሞተሩ በሁለት ፌዝ እየጮኸ ይቃጠላል።

በሁለቱም ምርጫ የማይቀር አለ፦ 30 ሚሊአምፔር የፍሳሽ መቁረጫ (ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያፈስ መስመሩን የሚቆርጥ)፣ መሬት ውስጥ በደንብ የተተከለ የኧርዝ ዘንግ፣ ከምሰሶ የመጣው አሉሚኒየም ከቤቱ መዳብ ጋር የሚያያዝበት ቢሜታል ማገናኛ። ሁለቱን ጠምዝዞ በቴፕ መጠቅለል ከጊዜ በኋላ ይግላል፣ ይቀልጣል።

ግንባታ ላይ ላለ ሰው ምክራችን መሐል መንገድ ነው፤ ሲንግል ፌዝ ቆጣሪ ይጠይቁ፣ ከቆጣሪው እስከ ፓነሉ ግን ባለ አምስት ሽቦ (ሦስት ፌዝ፣ ኒውትራል፣ ኧርዝ) ያስቀብሩ፣ ፓነሉም ትርፍ ቦታ ይኑረው። በኋላ መኪና ቢገዛ ግድግዳ አይፈርስም። እስከ ቆጣሪው ያለው ሥራና የቆጣሪው ማሸጊያ የመብራት ኃይል ነው፤ ኤሌክትሪሺያንዎ ፈቃድ ቢኖረውም አይነካውም። ከቆጣሪው በኋላ ላለው ደግሞ የየፌዙ ጭነት የተጻፈበት ንድፍ ይጠይቁት፤ ክፍያውን ከመጨረስዎ በፊት ምጣዱና ማሞቂያው አብረው አንድ ሰዓት ይሥሩ፣ እሱም በክላምፕ ሜትር የየፌዙን አምፔር ለክቶ ከንድፉ ጋር ያስተያይልዎ።